በሲሚንቶ ወለል ላይ ጣውላ ስለ ማንጠፍ

ለባለ ሕንፃዎች፣ ለእንጨት ነጋዴዎችና ለሥራ ተቋራጮች የቀረበ ማብራሪያ

በከተሞቻችን ቤት የሚሠራም ሆነ የሚያሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እንደ እንጨት ወለል ለዐይን የሚያምር፣ ለእግር የሚሞቅና በደኅና ከተያዘም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤት ጌጥ ጥቂት ነው። በደጋ አገር ለሚኖር ሰውማ፣ የሌሊቱ ብርድ በሚበረታበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ወራት፣ በሊሾና በጣውላ መካከል ያለውን ልዩነት ባዶ እግሩ ይነግረዋል። ስለዚህ የወለል ጣውላና የፓርኬ ንግድ ፈላጊ አያጣም፤ ለወለል የሚወጣውም ገንዘብ ከቤት ማስጌጫ ወጪዎች ሁሉ ከፍ ካሉት አንዱ ነው።

ነገር ግን በዚህ ሥራ የሚደርሰው ኪሣራ ቀላል አይደለም። ወለሉ በተነጠፈበት ቀን እንደ መስተዋት ያበራል፤ ባለቤቱ ደስ ብሎት ሒሳቡን ይዘጋል፤ አናጢውም ተመስግኖ ይሄዳል። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ግን የጣውላው ጠርዝ ተነሥቶ መካከሉ ይጎደጉዳል፤ በአንዳንድ ስፍራም ከመሠረቱ ተላቆ ጉብ ይላል። ወይም በበጋው ወራት በጣውላና በጣውላ መካከል ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ይከፈታል። ያን ጊዜ ባለቤቱ አናጢውን፣ አናጢው እንጨት ነጋዴውን፣ ነጋዴውም ግንበኛውን ይወቅሳል። እንጨቱ ግን አንድ ጊዜ ከተበላሸ ወቀሳ አያቃናውም።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ፣ ከብዙዎቹ እንዲህ ካሉት ጥፋቶች በስተጀርባ አንድ ምክንያት መኖሩን ማስረዳትና መከላከያውን ማመልከት ነው። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የእንጨት ወለል ዕድል የሚወሰነው የመጀመሪያው ጣውላ ከመነጠፉ በፊት ነው፤ የሚወስነውም ውሃ ነው።

ቀድሞና ዛሬ

በቀድሞው ዘመን በአዲስ አበባ ከተሠሩት ትላልቅ ቤቶች ብዙዎቹ ወለላቸው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደሙ ወፋፍራም እንጨቶች ላይ የተነጠፈ ጣውላ ነበር። ከጣውላው በታች ባዶ ስፍራ ነበረ፤ በመሠረቱም ግንብ ላይ ነፋስ የሚያስገባና የሚያስወጣ ቀዳዳ ይተው ነበር። ከመሬት የሚነሣው እርጥበት ጣውላው ላይ ሳይከማች በነፋሱ ይወሰድ ስለ ነበር፣ ከእነዚህ ወለሎች ብዙ ዘመን የቆዩ አሉ።

ዛሬ የሚሠራው ቤት ግን ወለሉ ከድንጋይ ንጣፍ በላይ የሚፈስስ አርማታ ነው፤ ፎቅ ከሆነም እያንዳንዱ ደርብ በአርማታ ይሠራል። ስለዚህ እንጨቱ ከነፋስ ተለይቶ ከሲሚንቶ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ሁለቱም ውሃ የሚይዙና ውሃ የሚሰጡ ነገሮች ናቸው። የሁለቱን ጠባይ ሳያውቁ አንዱን በሌላው ላይ መጫን፣ የማይተዋወቁ ሰዎችን ያለ ውል ባልንጀራ እንደ ማድረግ ይቈጠራል።

የእንጨት ጠባይ

እንጨት ተቆርጦ ከደረቀ በኋላም ከአየሩ ጋር እርጥበት መለዋወጡን አያቆምም። አየሩ ሲረጥብ ውሃ ይጠጣል፤ አየሩ ሲደርቅ የጠጣውን ይመልሳል። በእንጨት ውስጥ ያለው የውሃ መጠን የሚነገረው ፍጹም ከደረቀው እንጨት ክብደት አንጻር በመቶኛ ነው። የአየሩ እርጥበትም እንዲሁ፣ አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከመው ከሚችለው ውሃ አንጻር በመቶኛ ይነገራል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ የአየሩ እርጥበት 40 በመቶ በሆነበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የቆየ እንጨት የውሃው መጠን 8 በመቶ ያህል ይሆናል፤ አየሩ 65 በመቶ ሲሆን ወደ 12 በመቶ፣ 80 በመቶ ሲሆን ደግሞ ወደ 16 በመቶ ይደርሳል።

እንጨት ውሃ ሲጠጣ የሚያብጠው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ የሚያሳየው ለውጥ ከቍጥር የሚገባ አይደለም፤ ለውጡ በስፋቱና በውፍረቱ ነው። ከዚህም ውስጥ የዕድገት ቀለበቱን ዙሪያ ተከትሎ የሚደርሰው ለውጥ፣ ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ በሚሄደው መስመር ከሚደርሰው ለውጥ ሁለት እጥፍ ያህል ነው።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በሒሳብ እንመልከተው። ጣውላው የውሃው መጠን 1 በመቶ በጨመረ ቍጥር ስፋቱ በ0.25 በመቶ ያድጋል እንበል። ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ከ8 በመቶ ወደ 12 በመቶ ሲደርስ በ1 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለብቻው ሲታይ ኢምንት ነው። ነገር ግን ስፋቱ 5 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ 50 ጣውላዎች ጎን ለጎን ይነጠፋሉ፤ ጠቅላላው መስፋፋት 50 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሚስማሩና ማጣበቂያው ከዚህ ከፊሉን ቢገቱትም፣ የቀረው መሄጃ ካጣ ወይ ግንቡን ይገፋል፣ ወይ ወለሉን ያነሣዋል። ያበጠን እንጨት በሚስማር ብዛት አስገድዶ ማስቀመጥ አይቻልም።

የሲሚንቶ ጠባይ

ብዙ ሰው አርማታ ከደነደነ ደርቋል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስወጣ ስሕተት ነው። ሲሚንቶ የሚደነድነው ውሃው ስለ ተነነ አይደለም፤ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ አዲስ ነገር ስለሚሆን ነው እንጂ። አንድ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ሲሚንቶ ለመደንደን የሚያስረው ውሃ የክብደቱን ሩብ ያህል፣ ማለት ወደ 12 ሊትር ነው። አርማታው ለሥራ እንዲመች ግን ለእያንዳንዱ ከረጢት ከ25 እስከ 30 ሊትር ውሃ ይጨመራል፤ ሠራተኛው እንዲቀልለው ከዚህም በላይ የሚያፈስበት ጊዜ አለ። ትርፉ ውሃ በአርማታው ውስጥ ባሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ይቀመጥና ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል።

አርማታ 28 ቀን ይቆይ የሚባለው ለጥንካሬው ነው፤ ለደረቅነቱ አይደለም። ሊቃውንቱ ለግምት የሚጠቀሙበት ደንብ፣ ውሃ ማጠጣቱ ካቆመና ቤቱ ከዝናብ ከተከለለ በኋላ፣ በመልካም አየር ለመጀመሪያው 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት በየቀኑ 1 ሚሊ ሜትር ይደርቃል የሚል ነው። ከዚያ በላይ ያለው ውፍረት እጅግ ዘግይቶ ይደርቃል፤ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ራሱ በውሃ የተመላ ስለ ሆነ፣ እነዚህ ወራት ከማድረቂያ ቀኖች ሊቈጠሩ አይገባም። የፎቅ አርማታ ከላይና ከታች ስለሚተነፍስ ይፈጥናል፤ በመሬት ላይ የፈሰሰው ግን በአንድ ፊት ብቻ ስለሚደርቅ ይዘገያል።

በመሬት ላይ ያለው ወለል ሌላም ጠላት አለበት። በክረምት የጠገበው አፈር ውሃውን በድንጋዩና በአርማታው ቀዳዳዎች እያሳበ ወደ ላይ ይልካል። አርማታው ሲፈስስ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ካልተነጠፈ ይህ ውሃ በየዓመቱ ይመላለሳል፤ ወለሉም ዐሥር ዓመት ቢቆይ ፈጽሞ ደረቅ አይሆንም። ከውሃው ጋር የሚወጣው የሲሚንቶ ጨውና አልካሊም ማጣበቂያውን እየበላ ያላቅቀዋል። በሊሾው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቢታይ፣ ውሃ ከሥር ወደ ላይ መጓዙን የሚናገር ምስክር ነውና በመጥረጊያ ጠርጎ ማለፍ አይገባም።

ስለ መለካት

የአርማታን ደረቅነት በእጅ ዳስሶ ወይም በመልኩ መንጣት መወሰን አይቻልም፤ ፊቱ ሲደርቅ ሆዱ እርጥብ ሊሆን ይችላልና። ቀላሉ የመጀመሪያ ምርመራ የላስቲክ ምርመራ ነው። 45 ሳንቲ ሜትር በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ በንጹሕ አርማታ ላይ ተዘርግቶ ዙሪያው በማጣበቂያ ፕላስተር ይታሸጋል፤ ከ16 ሰዓት ላላነሰ ጊዜም ይቆያል። ሲነሣ ከሥሩ ጤዛ ከተገኘ፣ ወይም አርማታው ከአካባቢው ጠቁሮ ከታየ፣ ወለሉ ለእንጨት አልደረሰም። ጤዛ ባይገኝ ግን ደርቋል ለማለት ይህ ምርመራ ብቻውን አይበቃም። እርጥብ መሆኑን ያስታውቃል እንጂ ደረቅ መሆኑን አያረጋግጥም።

የሚያረጋግጠው በመሣሪያ መለካት ነው። በአንድ ፊት ብቻ በሚደርቅ አርማታ ውስጥ ውፍረቱን 40 በመቶ ያህል የሚዘልቅ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ቀዳዳው ተደፍኖ ከቆየ በኋላ በውስጡ ያለው አየር እርጥበት ይለካል። በብሪታንያ የሥራ ደንብ እንጨት እንዲነጠፍ የሚፈቀደው ንባቡ ከ75 በመቶ ሳይበልጥ ነው። ለእንጨቱ ደግሞ ሁለት መርፌ ያለው የኤሌክትሪክ መለኪያ አለ፤ ከአንድ ጣውላ ሳይሆን ከልዩ ልዩ እስር ከተመረጡ ብዙ ጣውላዎች ንባብ መውሰድ ያስፈልጋል። የእነዚህ መሣሪያዎች ዋጋ አንድ ክፍል ወለል አንሥቶ እንደገና ለማንጠፍ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ የወለል ሥራን ሙያዬ ብሎ የያዘ ተቋራጭ ሊያጣቸው አይገባም።

እንጨቱን ስለ መምረጥ

በአገራችን አናጢዎች ዘንድ የታወቁት ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ቀረሮና ወይራ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ጥድ መዓዛው ያማረ፣ ምስጥንም የሚቋቋም ነው፤ ዝግባ ለመላጊያ የሚመች ልስልስ ቢሆንም ነፍሳትንና እርጥበትን አይችልም፤ ወይራ እጅግ ጠንካራና ከባድ ስለ ሆነ ሳይበሳ ሚስማር አይቀበልም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ በየስፍራው ይገኛል፤ ሆኖም ሲደርቅ በብዙ የሚኰማተርና የሚጣመም ስለ ሆነ፣ በጥንቃቄ ተሰንጥቆና ቀስ ብሎ ካልደረቀ ለወለል አይታመንም። ከውጭ ከሚመጡት መካከል ቲክ እርጥበት ሲለዋወጥ የሚያሳየው ለውጥ ጥቂት ነው፤ ቢች ግን መልኩ ቢያምርም ከአየሩ ጋር ብዙ ይንቀሳቀሳል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊያስታውሰው የሚገባ የሕግ ነገር አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቍረጥን ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች ቢተካም፣ የአገር በቀል ዛፎች ጥበቃ የመንግሥት አሳብ መሆኑ አልቀረም። ስለዚህ ጣውላ የሚገዛ ሰው የእንጨቱን ምንጭ የሚያሳይ ማስረጃ መጠየቅ፣ የሚሸጥም ማስረጃውን አዘጋጅቶ መጠበቅ ይገባዋል። እንዲህ የከበረና የተመናመነ እንጨት በእርጥብ አርማታ ላይ ተነጥፎ በአንድ ክረምት ሲበላሽ፣ የሚጐዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም።

ዐይነቱ ከተመረጠ በኋላ አሰነጣጠቁ ይታያል። የዕድገት ቀለበቱ ለጣውላው ፊት ቀጥ ብሎ እንዲቆም ሆኖ የተሰነጠቀ ጣውላ፣ ቀለበቱ ከተጋደመበት ጣውላ ይልቅ በስፋቱ የሚያሳየው ለውጥ ያንሳል። ጠባብ ጣውላም ከሰፊ ጣውላ ይሻላል፤ እንቅስቃሴው በብዙ መጋጠሚያ ላይ ስለሚከፋፈል አይታይምና። ለነፋስ በተመቻቸ ጥላ ሥር፣ በየረድፉ ቀጭን መለያ እንጨት እየተደረገበት የሚደርቅ ጣውላ፣ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል ተብሎ ይገመታል። በማድረቂያ ምድጃ የደረቀ በሳምንታት ይደርሳል፤ ሆኖም በመጋዘን በደኅና ካልተጠበቀ እንደገና ውሃ ይጠጣል።

የአነጣጠፍ ስልቶች

በአርማታ ላይ ጣውላ ለማንጠፍ የተለመዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። ለሁሉም የሚያገለግለው የመጀመሪያ ሥራ ግን አንድ ነው። የአርማታው ፊት ከአቧራ፣ ከቀለም፣ ከዘይትና ከልል ሊሾ ይጸዳል፤ ከዚያም 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ በየአቅጣጫው እየተጋደመበት ይመረመራል። ከዘንጉ በታች ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ከታየ፣ ጉብታው ተፈግፍጎ ጎድጓዳው በሚገባ ተሞልቶ መስተካከል አለበት።

አንደኛው መንገድ በሞራሌ ላይ ማንጠፍ ነው። በአርማታው ላይ ወፍራም ላስቲክ ይዘረጋል፤ መደራረቢያው ከ20 ሳንቲ ሜትር ሳያንስ በፕላስተር ይታሸጋል፤ ጠርዙም ዞኮሎው እስከሚሸፍነው ድረስ በግድግዳው ላይ ከፍ ይላል። ከላዩ በደንብ የደረቀና የምስጥ መድኀኒት የተቀባ ሞራሌ፣ ከእምብርት እስከ እምብርት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተራራቀ፣ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ይተከላል። ሞራሌውን ለማሰር ላስቲኩ በሚበሳበት ስፍራ ሁሉ ቀዳዳው በማሸጊያ ይሞላል፤ አለዚያ እያንዳንዱ ብሎን የውሃ መንገድ ይሆናል። ከ20 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ ወንዴና ሴቴ ሆኖ የተሠራ ጣውላ በሞራሌው ላይ አግድም ይነጠፋል። ሚስማሩም በወንዴው በኩል 45 ዲግሪ ተጋድሞ ስለሚመታ ከላይ አይታይም። ይህ መንገድ የወለሉን ከፍታ በብዙ ስለሚጨምር፣ በሮችና ደረጃዎች ከመሠራታቸው በፊት መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው መንገድ በአርማታው ላይ ኮምፔንሳቶ ዘርግቶ በእርሱ ላይ መምታት ነው። ላስቲኩ እንደ ፊተኛው ይነጠፋል፤ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ እርጥበት በሚችል ማጣበቂያ የተሠራ ኮምፔንሳቶ በአርማታው ላይ በብሎን ይታሰራል። በቅጠሎቹ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ሚስማሩም በየትኛውም ስፍራ የሚይዘው መሠረት ያገኛል።

ሦስተኛው መንገድ በቀጥታ ማጣበቅ ነው። ይህ በተለይ ለአጫጭርና ለጠባብ ፓርኬ የሚስማማ ነው። ቀድሞ በብዙ አገር የፓርኬ ጡብ በፈላ ሬንጅ ላይ ይተከል ነበር፤ ሬንጁም ማጣበቂያም የውሃ መከላከያም ይሆን ነበር። አሁን የሚመረጠው ከደረቀ በኋላ እንደ ጎማ የሚለጠጥ የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ነው፤ እንጨቱ ሲሰፋና ሲጠብ አብሮት ይሄዳልና። አናጢዎች ለዕቃ የሚጠቀሙበት በውሃ የሚቀጥን ነጭ ኮላ ግን ለሰፊ ጣውላ አይሆንም፤ ገና ሲቀባ በውስጡ ያለውን ውሃ ለእንጨቱ ያጠጣዋል። ማጣበቂያው ጥርስ ባለው ማንኪያ በአርማታው ላይ ሁሉ ይዳረሳል፤ በየስፍራው ጠብ እያደረጉ መትከል ከሥር ባዶ ስፍራ ስለሚተው፣ ወለሉ ሲረገጥ ከበሮ ይመስላል። በዚህ መንገድ ላስቲክ መዘርጋት ስለማይቻል፣ አርማታው ራሱ በኢፖክሲ መከላከያ መቀባቱ መልካም ነው።

መንገዱ ማንኛውም ቢሆን አንድ ሕግ አይጣስም፤ ወለሉ ግድግዳ ሊነካ አይገባውም። በክፍሉ ዙሪያ ሁሉ፣ በዐምዶችና በበር መቃኖችም አጠገብ፣ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ሰፊ አዳራሽ ከሆነ ከዚህ ይበልጣል፤ በመካከሉም መላወሻ ይደረግለታል። ክፍተቱን የሚሸፍነው ዞኮሎ በግድግዳው ላይ እንጂ በወለሉ ላይ አይመታም። ይህን ክፍተት ለመልክ ሲሉ በስቱኮ መድፈን፣ እንጨቱ የሚተነፍስበትን አፍ እንደ መዝጋት ነው።

ስለ ወቅትና ስለ ማላመድ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናቧም ይበልጡን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድባት ከተማ ናት። በአንድ ዓመት ውስጥ አየሯ ከጥጋብ ወደ ድርቀት ይመላለሳል። ከባሕር ማዶ ተጭኖ በጅቡቲ ወደብ የሚራገፍ ጣውላ በባሕሩ ዳር እርጥብ አየር ውስጥ ይቆይና፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ከዚህ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ያመጣጡን መሸፈኛ ዕለቱን ቀድዶ ዕለቱን የሚያነጥፍ ሰው፣ የወደቡን አየር በሳሎኑ ውስጥ እንዳስቀመጠ ይቈጠራል፤ በጋው ሲገባ ክፍተቱ ይታየዋል።

ስለዚህ ጣውላው ከመነጠፉ በፊት በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ፣ ከአርማታው ከፍ ብሎ፣ በየረድፉ መለያ እንጨት ገብቶለት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ነገር ግን ቀን መቍጠር ብቻውን አይበቃም፤ መለኪያው የውሃው መጠን መለዋወጥ ማቆሙን እስኪያሳይ ድረስ መጠበቅ ነው። ክፍሉም አስቀድሞ በሩና መስኮቱ የተገጠመ፣ ልስኑና ቀለሙ የደረቀ መሆን አለበት፤ ከእርጥብ ልስን አጠገብ የተቀመጠ ጣውላ የሚላመደው ከቤቱ ጋር ሳይሆን ከልስኑ ውሃ ጋር ነው።

በየካቲትና በመጋቢት ድርቀት የሚያነጥፍ፣ ክረምቱ እንደሚመጣ አስቦ የዙሪያውን ክፍተት ሰፋ ያድርግ። በክረምት የተገደደ ደግሞ፣ እርጥበት የጠገበ ጣውላ አጠጋግቶ ቢያነጥፍ በጋ ሲሆን እንደሚላቀቅ ይወቅ። ሥራውን ሊመርጥ የሚችል ሰው አየሩ ከሁለቱ ጫፎች መካከል የሚሆንበትን ጊዜ ቢመርጥ ይጠቀማል።

ከተነጠፈ በኋላ

ጣውላው በደንብ ከተፋቀና በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ በቫርኒሽ ወይም በሰም ይቀባል። ቅቡ የእንጨቱን ትንፋሽ ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አያቆምም፤ ስለዚህ በቅቡ ብዛት ተማምኖ የእርጥበቱን ነገር መዘንጋት አይገባም።

በቤት አያያዝም በኩል ልማዳችንን ከወለሉ ጋር ማስታረቅ ያስፈልጋል። ሊሾን በባልዲ ውሃ እያፈሰሱ ማጠብ ምንም አይጐዳውም፤ የእንጨት ወለል ግን በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ይወለወላል። ለቡና ሥነ ሥርዐት የሚጐዘጐዘው ቄጤማ ውሃ እንዳቀረረ በጣውላ ላይ ሲቆይ ቅቡን ያነጣል፤ እንጨቱንም ያጠቍራል። ስለዚህ ከሥሩ ምንጣፍ ወይም ሰፊ ትሪ ይደረግ፤ የከሰሉም ማንደጃ በድንጋይ ወይም በብረት ማስቀመጫ ላይ ይሁን። እንግዳ መቀበያችን እንዲያምር ያወጣነውን ወጪ በእንግዳ አቀባበላችን ልናጠፋው አይገባም።

ስለ ውልና ስለ ሒሳብ

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ። በወለል ሥራ ላይ የሚነሣው ክርክር የሚበዛው ማን ምን መለካት እንደ ነበረበት በጽሑፍ ስለማይሠፍር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ሥራ የሚሠራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ አንሥቶ ለ10 ዓመት ለሥራው መልካም አሠራርና ጽናት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። ስለዚህ ሥራ ተረክቦ ገንዘብ ተቀብሎ መሄድ ነገሩን አይጨርሰውም።

ብልኅ ተዋዋዮች በውላቸው ውስጥ የሚከተሉትን ያስገባሉ። አርማታው የፈሰሰበትን ቀን፤ የአርማታውንና የጣውላውን የእርጥበት ንባብ፣ የተለካበትን ስፍራና ዕለት፤ ጣውላው ወደ ክፍሉ የገባበትን ቀን፤ የአነጣጠፉን መንገድና የዙሪያውን ክፍተት መጠን፤ ለቍርጥራጭ የሚታሰበውን ትርፍ፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን፤ በመጨረሻም ከሒሳቡ በመያዣ የሚቆየውን ገንዘብ። ይህ መያዣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎ ወለሉ ሁለቱንም ከተመለከተ በኋላ ቢለቀቅ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው። ባለቤቱ ዋስትና ያገኛል፤ በትክክል ለክቶ የሠራው አናጢም ንባቡን በእጁ ስለ ያዘ በከንቱ አይወቀስም።

በዚህ ሥራ ላይ ትልቁ ፈታኝ ችኮላ ነው። ቤቱ ለዓመት በዓል ወይም ለሠርግ እንዲደርስ ይፈለጋል፤ ሱቁ እንዲከፈት፣ ተከራዩ እንዲገባ ይፈለጋል። ባለቤቱ በየቀኑ ሲጠይቅ፣ አርማታው ገና ነው ብሎ መመለስ ለተቋራጩ የሚከብድ ነው። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በሁለት ወር መታገሥ የሚተርፈውን ወለል በሁለት ሳምንት ጨርሶ በሚመጣው ዓመት ማንሣት፣ እንጨቱን ሁለት ጊዜ መግዛት ነው። ጊዜ በፍጹም ካልተገኘ እንኳ ለእርጥበት የሚያስጨንቀው ጣውላ ሳይሆን ሌላ ንጣፍ እንዲመረጥ ለባለቤቱ በግልጽ መንገር ይሻላል፤ ይህን የሚናገር ተቋራጭ የዚያን ቀን ሥራ ቢያጣ ስሙን ያተርፋል።

እንግዲህ ወለል የሚያሠራም ሆነ የሚሠራ ሰው፣ ጣውላው ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። አርማታው ስንት ይነበባል? እንጨቱ ስንት ይነበባል? በዙሪያው የተተወው መላወሻ ምን ያህል ነው? ለሦስቱም በቍጥር መልስ ካገኘ ሥራውን ይጀምር፤ ለአንዱም እንኳ መልሱ ግምት ብቻ ከሆነ ግን ጣውላው በመጋዘኑ ይቆይ።